ይህ ኮድ ከማን ነው?



ውድ የጀመዓችን ወንድሞችና እህቶች፤ በዚህ እትም ስለ ቼዝ ልናወራችሁ ነው። ገና ከአሁኑ «ቼዝ ሐላል ነው እንዴ?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ዑለማዎች ስለ ሸጥረንጅ ብዙ ተነጋግረዋል። አብዛኞቹ ከልክለዋል፤ ኢማሙ ሻፊዒይ (ረሒመሁላህ) ደግሞ ቁማር ካልገባበትና ከሶላት ካላዘናጋ ሐራም ሳይሉ እንደሚጠሉት ይጠቀስላቸዋል። ያንን ጥያቄ ለኡስታዞቻችን ትተነዋል። እኛን ያስቸገረን ሌላ ነው። ቼዝ የሚጫወተው ፕሮግራም ውስጥ ያለው ኮድ ከማን ተወሰደ? ሲወሰድስ ምን ተባለ?

ጥያቄው እንዲሁ የመጣብን አይደለም። አራት ሆነን ለመመረቂያ ፕሮጀክት የያዝነው የቼዝ ፕሮግራም ነበር። ልጆች ተጫውተው የጨረሱትን ጨዋታ ይቀበልና የቱ ላይ እንደተበላሸባቸው፣ ለምን እንደተበላሸባቸው በአማርኛ ያስረዳቸዋል። ሥራውን ስንጀምር ሌሎች እንዴት እንደሠሩት ማንበብ ነበረብን። ስናነብ የሪብካ ታሪክ ላይ ደረስን። ከዚያ በኋላ ከመግሪብ በኋላ ላብ ውስጥ የምንከራከረው ስለ ቼዝ መሆኑ ቀረና ስለ ሰው ሐቅ ሆነ።

ሪብካ በቼክ ቋንቋ ትንሽ ዓሣ ማለት ነው። በዚህ ስም የተጠራው የቼዝ ፕሮግራም በ2005 መጨረሻ ብቅ ሲል ግን ትልልቆቹን ሁሉ ዋጣቸው። (ካልተገለጸ በቀር የምንጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ደራሲው ቫሺክ ራይሊኽ ፕሮግራመር ብቻ አይደለም፤ የኢንተርናሽናል ማስተር ማዕረግ ያለው ቼዝ ተጫዋችም ነው። ፕሮግራሙ ከ2007 እስከ 2010 በተከታታይ አራት ጊዜ የዓለም የኮምፒዩተር ቼዝ ሻምፒዮን ሆነ። በጁን 2011 ሻምፒዮናውን ያዘጋጅ የነበረው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ማኅበር፣ በምህጻሩ አይሲጂኤ፣ አራቱንም ማዕረግ ገፈፈው። ደራሲውንም ዕድሜ ልኩን ከውድድሮቹ አገደ። ክሱ ባጭሩ «የሌሎችን ኮድ ወስደሃል፤ ስማቸውንም አልጠራህም» የሚል ነበር።

ክሱ እንዲገባችሁ ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ምን እንደሚሠራ ትንሽ እንበል። ሥራው በመሠረቱ ሁለት ነው። አንደኛው ፍለጋ ነው፤ «እኔ ይህን ብንቀሳቀስ እሱ ያንን ይመልሳል፣ ከዚያ እኔ...» እያለ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መንገዶችን ይሄድባቸዋል። ሁለተኛው ምዘና ነው፤ መንገዱ መጨረሻ ሲደርስ ቦርዱን አይቶ «ይህ ለነጭ ይህን ያህል ይሻላል» ብሎ በቁጥር ይፈርዳል። ወታደር አንድ ነጥብ፣ ፈረስ ሦስት፣ ንግሥት ዘጠኝ ብሎ መቁጠር የምዘና ሀሁ ነው። ከዚያ በላይ ንጉሡ ተጋልጧል ወይ፣ ወታደሩ ብቻውን ቀርቷል ወይ፣ ፈረሱ ጥግ ተጥሏል ወይ እያለ ነጥብ ይጨምራል፣ ይቀንሳል።

እነዚህ ሐሳቦች የማንም የግል ንብረት አይደሉም። ክላውድ ሻነን ኮምፒዩተር ቼዝ እንዲጫወት እንዴት ፕሮግራም እንደሚደረግ የጻፈው ጽሑፍ የታተመው በ1950 ነው፤ ፍለጋና ምዘና የሚለው አከፋፈል እዚያው ውስጥ አለ። አንድ የቦርድ አቀማመጥ ቀድሞ ታይቶ እንደሆነ በፍጥነት ለማወቅ ዛሬ አብዛኛው ፕሮግራም የሚጠቀምበትን ዘዴ አልበርት ዞብሪስት በ1970 አቀረበው። ማንም ይወስደዋል፣ ማንም አይከሰስም። ዕውቀት በዚህ መንገድ ነው የሚሄደው፤ በዚህ አራታችንም አልተጨቃጨቅንም።

ጭቅጭቁ ከፍሩት ይጀምራል። ፈረንሳዊው ፋቢየን ሌቱዜ ፍሩት የሚባል የቼዝ ፕሮግራም ጻፈና በ2005 የ2.1 ቅጂውን ከነሶርስ ኮዱ ለሁሉም ክፍት አደረገው። በዚያው ዓመት ሬይኪያቪክ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ፍሩት ሁለተኛ ወጣ። እስከዚያ ድረስ በዚህ ደረጃ የሚጫወቱ ፕሮግራሞች ኮዳቸው የተቆለፈ ነበር ማለት ይቻላል። ፍሩት ግን ጠንካራም ነበር፣ ክፍትም ነበር፣ አጻጻፉም ለማንበብ የሚያስደስት ነበር። የቼዝ ፕሮግራም የሚጽፍ ሁሉ አነበበው። ራይሊኽም በዚያው ዓመት መጨረሻ በሰጠው ቃለ ምልልስ ኮዱን ከፊት ወደ ኋላም ከኋላ ወደ ፊትም እንዳነበበውና ብዙ ነገር እንደወሰደበት ራሱ ተናግሯል። ይህን የጻፍነው ልናስነቅፈው አይደለም። አንብቦ መማር ቂርአት ነው፤ ከማን እንደተማሩ መናገር ደግሞ አደብ ነው።

ጥያቄው «ወሰድኩ» ያለው ሐሳቡን ነው ወይስ ኮዱን የሚለው ነበር።

ሌቱዜ ለጥቂት ዓመታት ከዚህ ዓለም ርቆ ከቆየ በኋላ በ2011 መጀመሪያ ላይ ስለ ጉዳዩ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሌሎች የፕሮግራም ደራሲዎችም አቤት አሉና አይሲጂኤ አጣሪ ቡድን አቋቋመ። አጣሪዎቹ የሪብካን ሶርስ ኮድ አላገኙም። የተሸጠውን ፕሮግራም በማሽን ቋንቋ ደረጃ ፈትተው ከፍሩት ጋር ጎን ለጎን አስቀመጡት። ካነሷቸው ነጥቦች ሁለቱን ብቻ እንንገራችሁ። አንደኛው፣ እያንዳንዱ መጫወቻ በየትኛው ካሬ ሲቆም ስንት ነጥብ እንደሚያገኝ የሚያሳዩት የሪብካ ሰንጠረዦች የፍሩትን ቀመር ይዞ ጥቂት ቁጥሮችን ብቻ በመለወጥ ሊገኙ እንደሚችሉ አሳዩ። (በነገራችን ላይ ዛሬ ለማንኛውም የቁጥር ዝርዝር የምንለው «ሰንጠረዥ» ከዚያው ከሸጥረንጅ የመጣ ቃል ነው፤ በአገራችንም የቼዝ ስም ሆኖ ኖሯል።) ሁለተኛው ትንሽ ነገር ነው፣ ግን ፕሮግራመር የሆነ ሰው ሲያየው ይደነግጣል። ሙሉ ቁጥር ብቻ በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ሪብካ ቁጥሩን ከ«0.0» ጋር፣ ማለትም ነጥብ ካለው ዜሮ ጋር ያነጻጽራል ተባለ። ፍሩት ጊዜን ነጥብ ባለው ቁጥር ስለሚይዝ እዚያ ትርጉም ነበረው፤ ሪብካ ውስጥ ግን ምንም አይሠራም። ፈተና ላይ ከጎኑ የገለበጠ ተማሪ የጎረቤቱን መታወቂያ ቁጥር አብሮ እንደ መገልበጥ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ከ2005 በፊት የነበሩት የሪብካ ቅጂዎች ሮበርት ሃያት ከጻፈው ክራፍቲ ከሚባለው ፕሮግራም የተገኙ ናቸው የሚል ድምዳሜ ተሰጠ።

ራይሊኽ ሪብካ ውስጥ የሌላ ሰው የጨዋታ ኮድ የለም ብሎ ካደ፤ ወደ ዝርዝሩ ክርክር ግን አልገባም። የተከራከሩለትም ነበሩ። «ቼዝ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ብቻውን የቀረን ወታደር ይቀጣል፣ መሐል የቆመን ፈረስ ይሸልማል፤ ስለዚህ ሁለት ጥሩ ፕሮግራሞች ቢመሳሰሉ ምን ያስገርማል?» አሉ። ከአራታችን አንዱ ከዚህ ወገን ነበር። ሁላችንም ኮድ ጽፈን እናውቃለን፤ አንድ ዓይነት ትምህርት የተማሩ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር እንደሚጽፉ እናውቃለን። ሐሳቡ አልቆ ኮዱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ድንበር የተሠመረ አይደለም።

እኛን ያሳመነን ግን የመመሳሰሉ መጠን አልነበረም። የውድድሩ ደንብ ነበር። የአይሲጂኤ ደንብ «ከሌላ ሰው ምንም አትውሰዱ» አይልም ነበር። የወሰዳችሁ ከሆነ ስትመዘገቡ የሁሉንም ደራሲ ስም ወይም የኮዱን ምንጭ ጻፉ ነበር የሚለው። ስንት ሰው በዓለም ዙሪያ የተነታረከበት፣ አራት ማዕረግ የተገፈፈበት ነገር በመመዝገቢያ ቅጽ ላይ አንድ መስመር ተጽፎ ቢሆን ቢያንስ መልኩ ሌላ ይሆን ነበር። ምናልባት «እንግዲያው እንደ አዲስ ፕሮግራም አንቀበልህም» ይባል ይሆናል። ሌባ ግን አይባልም።

እዚህ ላይ ነው ከቂርአት ቤት የተማርነው ትዝ ያለን። ሙስጠለሐል ሐዲስ የቀራችሁ ተድሊስን ታስታውሱታላችሁ። ራዊው ሐዲሱን የሰማው ከአንድ ሰው ነው፤ ግን ያንን ሰው ይዘልለውና ከእርሱ በላይ ያለውን ታላቅ ሸኽ ይጠራል። «ነገረኝ» ወይም «ሰምቻለሁ» ቢል ውሸት ይሆንበታል። ስለዚህ «ዐን» ይላል፤ «ከእገሌ»። ቃሉ ውሸት አይደለም። ሰሚው ግን በቀጥታ የሰማው ይመስለዋል። ዑለማዎቹ እንዲህ የሚያደርገውን ሁሉ ቀጣፊ ብለው አልጣሉትም፤ ኢብኑ ሐጀር (ረሒመሁላህ) በአምስት ደረጃ ከፋፍለዋቸዋል። ተድሊስ የሚያበዛ ሰው «ሰሚዕቱ» ብሎ በግልጽ እስኪናገር ድረስ ግን «ዐን» ያለውን አይቀበሉትም። መውሰዱ ነውር አልነበረም፤ ዲኑ ራሱ በመውሰድ ነው እዚህ የደረሰው። ነውሩ በመካከል ያለውን ሰው ስም መዝለል ነው።

በሶፍትዌር ዓለም «ዐን» ሞልቷል። «ከእገሌ ሥራ መነሻ ሐሳብ አግኝተን»፣ «የተለያዩ ምንጮችን ተጠቅመን»፣ «ኢንተርኔት ላይ ካሉ ቁሳቁሶች በመታገዝ» ይባላል። በየሪፖርታችን የምስጋና ገጽ ላይ አንብባችሁታል።

ሰንሰለቱ ሲጠበቅ ምን እንደሚመስልም ከዚያው ከቼዝ እናምጣ። በዐባሲያ ዘመን፣ በ9ኛው መቶ ዘመን የኖረው አል-ዐድሊ ስለ ሸጥረንጅ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። መጽሐፉ ጠፍቷል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች ግን እርሱ ያዘጋጃቸውን የጨዋታ እንቆቅልሾች ሲገለብጡ የእርሱ መሆናቸውን እየጠቀሱ ስለሆነ እስከ ዛሬ የእርሱ የሆነውን ለይተን ማወቅ እንችላለን። በ10ኛው መቶ ዘመን የመጣው ታላቁ ተጫዋች አስ-ሱሊ የአል-ዐድሊን ሥራ ተችቷል፤ ሲተችም ስሙን ጠርቶ ነው። መጽሐፉ ቢጠፋም ሰውየው አልጠፋም።

በዘመናችን ደግሞ ስቶክፊሽ አለ፤ ይህኛውም ዓሣ ነው፣ የደረቀ። ኖርዌያዊው ቶርድ ሮምስታድ ግላውሩንግ የሚባል ክፍት ፕሮግራም ጽፎ ነበር። ጣሊያናዊው ማርኮ ኮስታልባ በ2008 ያንን ወስዶ ማሻሻል ጀመረና ስቶክፊሽ አለው፤ ኖርዌይ ተይዞ ጣሊያን የተቀቀለ ለማለት ነው። ለብዙ ዓመታት በስቶክፊሽ የኮድ ፋይሎች አናት ላይ ፕሮግራሙ ከግላውሩንግ 2.1 የተገኘ መሆኑ ተጽፎ ነበር። ከጀርባው የሚሠሩት ሰዎች ስም ራሱን በቻለ ፋይል ተዘርዝሯል። በ2020 ስቶክፊሽ 12 ሲወጣ ምዘናውን በኒውራል ኔትወርክ አገዘው፤ ይህ ዘዴም ጃፓናዊው ዩ ናሱ በ2018 ሾጊ ለሚባለው የጃፓን ቼዝ ያወጣው መሆኑ አልተደበቀም። ከሰው ወሰደ፣ ከሌላ ጨዋታ ወሰደ፣ በዓለም ላይ ጠንካራው ሆነ። አላፈረበትም።

ፍሩት 2.1ም ስቶክፊሽም የወጡት ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ ነው። ብዙዎቻችን ጊትሃብ ላይ እናየዋለን፣ አናነበውም። እኛም ለፕሮጀክቱ ስንል ነው ቁጭ ብለን ያነበብነው። ስናነበው ወቅፍ መሰለን። ሰው መንገድ ዳር ጉድጓድ ቆፍሮ ለአላህ ብሎ ይተወዋል። ማንም ይቀዳል። ቀድቶ ተሸክሞ ለሩቅ ሰው ቢሸጠውም ይችላል፤ ጂፒኤልም መሸጥን አይከለክልም፣ ይህን ስናገኝ ደንቆን ነበር። ግን ጉድጓዱን አጥሮ «የኔ ነው» ማለት አይችልም። ፈቃዱ የሚጠይቀው፣ ፕሮግራሙን ለሌላ ሰው ከሰጠህ ሶርስ ኮዱን ከነለወጥከው አብረህ ስጥ፣ ፈቃዱንም አያይዝ፣ የለወጥከውን እንደለወጥክ ተናገር ነው። ቤትህ ውስጥ ብቻህን ከተጠቀምክበት ምንም አይጠይቅህም። የወቅፍ ሸርጥ እንደሚከበር ሁሉ ይህም ሸርጥ ነው፤ ገብተንበት ስናበቃ «አላነበብነውም» ማለት አያወጣንም።

በፌብሩዋሪ 2021 ቼዝቤዝ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ፋት ፍሪትዝ 2 የሚባል ፕሮግራም በ100 ዩሮ ገደማ ለገበያ አወጣ። ኔትወርኩ የራሱ ነበር፤ የቀረው የስቶክፊሽ ኮድ ነበር፣ ከጥቂት ለውጥ ጋር። ማስታወቂያው ግን የሚያገነው አዲሱን ስም ነበር። የስቶክፊሽ ሰዎች ፈቃዱ ተጥሷል፣ ስለዚህ ፈቃዳችሁን አቋርጠናል ብለው በጁላይ 2021 ሙኒክ ላይ ከሰሱ። በኖቬምበር 2022 ተስማሙ፤ ኩባንያው የስቶክፊሽ ኮድ ያለበትን ነገር ለአንድ ዓመት ላለማከፋፈል፣ የፈቃድ ጉዳይ የሚከታተል ሰውም ለመመደብ ተስማማ። ዓመቱ ሲያልቅም ፈቃዱ እንዲመለስለት ተስማሙ። ከሪብካው ፍርድ ይልቅ ይህኛው ልባችንን አሳረፈው። ጥፋቱ ተነገረ፣ መጠኑ ተወሰነ፣ በሩም ለዘላለም አልተዘጋም።

ሪብካ ላይ የተላለፈው ውሳኔ ግን ሌላ ጥያቄ አስነስቷል፤ ይህን ሳንነግራችሁ ብናልፍ ግማሹን ደብቀናል። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን የሥነ ምግባር ኮሚሽን ጉዳዩ ቀርቦለት በ2015 ሲወስን፣ ዕድሜ ልክ የማገድ ቅጣት በአይሲጂኤ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ መሠረት የለውም አለና ማኅበሩን አስጠነቀቀ። ማዕረጎቹ መገፈፋቸውን ግን አልሻረም። የሰውየው ኮድ የተወሰደ ቢሆን እንኳ ፈራጁ ከሥልጣኑ አልፎ መፍረድ አይችልም ማለት ነው። በሱረቱል ሑጁራት የታዘዝነው ማጣራት ወሬ ስንሰማ ብቻ ሳይሆን ልክ ነን ብለን ስንቆጣም ነው የሚያስፈልገን።

አሁን ወደ ግቢያችን እንምጣ።

ስለ ሕጉ ብዙ አንልም። ኮድ የአእምሮ ሥራ መሆኑን የአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በኛ አቆጣጠር ነው) ይቀበላል፤ የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከመጻሕፍት ጋር አብሮ ጠርቶታል። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚም በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ ሐቅ መሆኑን ወስኗል። ስለዚህ «የማይዳሰስ ነገር ስርቆት የለውም» የሚለው የዶርም ፈትዋ መነሻም የለው።

የኛ ክርክር ከዚህ ይልቅ የወረደ፣ የዕለት ነገር ነበር። ፍለጋውን ራሳችን ብንጽፈው ልጆቹን የሚያስተምር ጥንካሬ አይኖረውም፤ ስቶክፊሽን መጠቀም ግድ ነው። ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ዩሲአይ የሚባል መግባቢያ ስላለ የኛን ክፍል ለብቻው አቁመን ስቶክፊሽን ከውጭ እንጠይቀዋለን። የኛ የሆነው በአማርኛ የሚያስረዳው ክፍል ነው፤ «ፈረስህን ሳትጠብቀው ተውከው»፣ «ንጉሥህ መውጫ አጣ» የሚለው። ከሁለት ሺህ የማይበልጥ መስመር ነው። ስቶክፊሽ ፊት ሲያስቀምጡት ዝሆን ላይ የቆመች ወፍ ነው።

አንዳችን «ይህን ሁሉ ከጻፍን እናንተ ምን ሠራችሁ ይሉናል» አለ። ሌላው «ያለፈው ባች ሪፖርት ላይ አንድም የፈቃድ ስም የለም፤ ሁሉም ኤ አግኝተዋል» አለ። ሦስተኛዋ እህታችን ዝም ብላ ቆይታ «ሶርስ ኮዱን በፍላሽ ለትምህርት ቤቱ ስንሰጥ ማከፋፈላችን ነው ወይስ አይደለም?» አለች። ነው። ከዚያ በኋላ የሚያከራክር ብዙ አልቀረም። አድቫይዘራችን በበኩሉ ለኮሚቴው ይህን ያህል ዝርዝር አያስፈልግም ብሎን ነበር፤ በክፋት አይደለም፣ ነጥባችን እንዳይጎዳ ነው። እኛ ግን ሪፖርቱ ላይ አንድ ሙሉ ገጽ ጨመርን። ከስቶክፊሽ የወሰድነው የትኛው ቅጂ እንደሆነ፣ በምን ፈቃድ እንደሆነ፣ ውጤቱን በክፍል በክፍል እንዲያወጣልን ብለን የነካነው ፋይል የቱ እንደሆነ፣ ከዚያ የኛ የሚጀምረው የት እንደሆነ ጻፍን። «በመታገዝ» የሚል ቃል የለበትም። «ወስደናል» ነው ያልነው።

ዲፌንስ ላይ ከተሰጠን ጊዜ ግማሹ በዚያ ገጽ ላይ አለቀ። «እንግዲያው የናንተ ድርሻ ይህ ብቻ ነው?» ተባልን። «አዎ» አልን። የጠበቅነውን ነጥብ አላገኘንም። ዋጋው ይህ ነው፤ ያለ ዋጋ የሚመጣ አስመስለን ብንነግራችሁ እኛም «ዐን» አልን ማለት ነው።

በዚያው ሳምንት ከኛ የተሻለ ነጥብ ያገኘ አንድ ቡድን ፕሮጀክቱን ገዝቶ ነው የሚል ወሬ ሰማን። ፕሮጀክት ሠርተው የሚሸጡ ሰዎች እንዳሉ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ምላሳችን በላን። ግን ኮዳቸውን አላየንም፣ የሻጩን ስም የሚያውቅ ሰው አላገኘንም፤ የያዝነው ቁጭታችንን ብቻ ነበር። ለዲፓርትመንቱም ለማንም ሳንናገር ተውነው። ከመካከላችን ይህ ትክክል ነው ብሎ እስከ ዛሬ ያልተቀበለ አለ። «በሐቅ የሠራው ሲያጣ፣ የገዛው ሲያገኝ ዝም ማለት ምን ዓይነት ፍትሕ ነው?» ይላል። ጥያቄው ከበድ ያለ ነው። እኛ ያለን መልስ ማስረጃ ያለው ይናገር የሚለው ብቻ ነው፤ እርሱን አላረካውም።

ሌላም ያልፈታነው አለ። ዛሬ አብዛኛው ተማሪ ኮዱን ጊትሃብ ላይ አይፈልግም፤ ቻትጂፒቲን ይጠይቃል። የሚመጣው ኮድ ይሠራል። ከማን ተማረው? የስንቱን ሰው ፋይል አንብቦ ነው? በየትኛው ሸርጥ የተሰጠውን? በኢስናድ ቋንቋ ብንናገር ራዊው መጅሁል ነው፤ ማን እንደሆነ አይታወቅም። አንድ ኡስታዝ ጠይቀን ነበር፤ ቶሎ አልመለሱልንም፣ እንዲያውም መልሰው ብዙ ነገር ጠየቁን። እኛ ለጊዜው የተስማማነው፣ ከእርሱ የወሰድነውን መስመር «ይህ ከቻትጂፒቲ ነው» ብለን ከነቀኑ እዚያው ኮዱ ላይ መጻፍ ነው። ስሙ ከማይታወቅ ሰው ሰምቶ «ከማይታወቅ ሰው ሰማሁ» ያለ ራዊ ሐዲሱ ደካማ ቢሆን እንኳ እርሱ አልዋሸም። ከዚህ የተሻለ ያገኛችሁ ጻፉልን።

የፕሮጀክታችን ሙሉ ኮድ፣ ያቺ ገጽም አብራው፣ ጀመዓው ቢሮ ካለው የጋራ ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጧል። በሚቀጥለው ዓመት ይህን ሥራ የምትቀጥሉ ካላችሁ ሳትጠይቁን ውሰዱት። በአማርኛ የሚያስረዳው ክፍል አሁንም ብዙ ይቀረዋል፤ በተለይ ጨዋታው ማለቂያ አካባቢ ወታደርና ንጉሥ ብቻ ሲቀሩ የሚሰጠው ማብራሪያ ልጆቹን ግራ ያጋባቸዋል። ስማችሁን ከኛ በታች ጻፉ። ከላይ ያሉትን አትንኩ፤ ሮምስታድና ኮስታልባ የእናንተን ግቢ አያውቁትም፣ ግን እዚያ ገጽ ላይ አሉ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።